ደካማው የሰንሰለት ቀለበት፦ የአረብ ብረት ድንገተኛ ስብራትና የስታቲስቲክስ ስሌት





የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከቤተ ሙከራ የወጣ ቢመስልም መነሻው መንገድና ወንዝ ነው። የዋግን ምድር ለምታውቁ ብዙ ማብራራት አያሻኝም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ሰሃላ ሲወረድ ምድሩ እየተሰነጣጠቀ ወደ ተከዜ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ መንገደኛው ወዲያና ወዲህ ሆኖ ይቀራል። ሰሃላ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው የዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዷ እንደነበረች ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ አገር መንገድ ማለት እህል ማለት ነው፤ ድልድይም ማለት ሕይወት ማለት ነው።

በዚህ ምድር ለሚሠራ መሐንዲስ አንድ ቀን ሊቀርብለት የሚችለውን ጥያቄ በምሳሌነት ላንሣ። እህል የጫኑ መኪኖች ከወንዙ ዳር ተሰልፈዋል። በብረት ድልድዩ ላይ፣ በብየዳው አጠገብ፣ ጥፍር የምታክል ስንጥቅ ተገኝታለች። የወረዳው ኃላፊ መጥቶ «ድልድዩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?» ብሎ ይጠይቃል። መሐንዲሱ «ይከፈት» ቢል ሰውና ንብረት ገደል ሊገባ ይችላል፤ «ይዘጋ» ቢል በማዶ የሚጠብቀው ሕዝብ ይራባል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው፣ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ሌላ መልስ መኖሩንና ወደዚያ መልስ የሚያደርሰን የስታቲስቲክስ ስሌት መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስብራቱ ዓይነት ጥቂት ልበል። አረብ ብረት በተለመደው ሁኔታ ከመበጠሱ በፊት ይሳባል፣ ይለመጣል፣ ይጎብጣል፤ በዚህም ለተመልካች ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ድንገተኛ ስብራት ግን ማስጠንቀቂያ የለውም። ብረቱ ሳይለመጥ፣ እንደ ሸክላ ገል፣ በአንዲት ቅጽበት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በብረቱ ውስጥ በሰኮንድ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ፍጥነት ይሮጣል። ለዚህ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እነዚህም ስንጥቅ ወይም ሹል ጉድለት፣ የሚስብ ኃይል፣ እንዲሁም ስንጥቅን የመቋቋም ዓቅሙ ያነሰ ብረት ናቸው። ይህ ዓቅም በቅዝቃዜ ጊዜ ይቀንሳል፤ የብረቱ ውፍረት ሲጨምርና ብየዳው ሲበላሽም ይጎዳል።

በዚህ ረገድ ዓለም ትምህርቱን የገዛው በውድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 «ስኬነክተዲ» የተባለችው አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ፣ በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት በጸጥተኛ ወደብ ላይ ታስራ ሳለች ለሁለት ተሰነጠቀች። ማዕበል አልነበረም፤ ግጭትም አልነበረም። በዚያ ጦርነት ዘመን በብየዳ ከተሠሩት መርከቦች ብዙዎቹ እንዲሁ በመሰንጠቃቸው፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮንስታንስ ቲፐር የተባለችው ሊቅ ጥፋቱ በብየዳው ላይ ብቻ የሚላከክ አለመሆኑን፣ ብረቱ ራሱ በቅዝቃዜ ጠባዩን እንደሚለውጥ አስረዳች።

«ይህ የበረዶ አገር ችግር ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚል ባልደረባ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ለሚል ሰው የአውስትራሊያን ምሳሌ እጠቅሳለሁ። በሜልበርን ከተማ የሚገኘው የኪንግ ስትሪት ድልድይ በ1961 እ.ኤ.አ. ተመርቆ ተከፈተ። በዓመቱ፣ ጁላይ 10 ቀን 1962፣ በዚያ አገር የክረምት ጠዋት፣ 45 ቶን ያህል የሚመዝን ተሽከርካሪ ሲያልፍበት አግዳሚዎቹ ተሰነጠቁ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች አልነበረም። ስንጥቆቹ የተነሡት ለማጠናከሪያ ከተበየዱት ሳህኖች ጫፍ ሲሆን፣ ብረቱ ለብየዳ የማይመች ነበር። እንዲህ ያለ የጠዋት ብርድ ለወሎና ለሰሜን ደጋዎች እንግዳ አይደለም፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚመታውን አዝመራ ገበሬው በሚገባ ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እገባለሁ። በዩኒቨርሲቲ ሳለን የአረብ ብረትን ዓቅም የተማርነው እንደ አንድ ቁጥር ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ እናየዋለን፤ በመተማመኛ አኃዝ እናካፍለዋለን፤ ሥራችንም በዚሁ ያበቃል። ለመለመጥ ዓቅም ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ምክንያቱም መለመጥ የብረቱ አካል ሁሉ በኅብረት የሚሳተፍበት ሥራ በመሆኑ የአንዱ ቅንጣት ድካም በሌላው ብርታት ይካካሳል። በድንገተኛ ስብራት ግን እንዲህ ያለ መካካስ የለም። በስንጥቁ ጫፍ አካባቢ ከሚገኙት እጅግ ብዙ ጥቃቅን የካርቦን ውሁድ ቅንጣቶች አንዷ፣ በመጠኗ ተለቅ ያለችው ወይም በክፉ ቦታ የተቀመጠችው፣ ቀድማ ስትሰነጠቅ ቀሪው ሁሉ ተከትሏት ይሄዳል። ብረቱን የሚገዛው አማካዩ ቅንጣት ሳይሆን ደካማው ቅንጣት ነው። ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበቱ እንደመሆኑ መጠን፣ ሊቃውንቱም ይህን አስተሳሰብ የደካማው ቀለበት ንድፈ ሐሳብ ብለውታል።

ይህን በሒሳብ ቋንቋ አደራጅቶ ያቀረበው ስዊድናዊው መሐንዲስ ዋሎዲ ቫይቡል ነው፤ የመጀመሪያ ጽሑፉን በ1939 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በ1951 ደግሞ በስፋት ታወቀ። የሐሳቡ ፍሬ ቀላል ነው። አንድ ቀለበት ጭነቱን ችሎ የመቆየቱ ዕድል ከ1,000 ውስጥ 999 ነው እንበል። በጣም የሚያስተማምን ይመስላል። 100 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ግን ሳይበጠስ የመቆየት ዕድሉ ከ100 ወደ 90 ተኩል ይወርዳል፤ 1,000 ቀለበት ያለው ሰንሰለት የመቆየት ዕድሉ ከ100 ወደ 37 ገደማ ያሽቆለቁላል። የቀለበቶቹ ጥራት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ብዛታቸው ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ትልቁ የብረት አካል ከትንሹ ናሙና ይልቅ ደካማ ሆኖ ይገኛል። በቤተ ሙከራ የምንሰብራት የቻርፒ ናሙና ወርዷና ቁመቷ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 55 ሚሊ ሜትር ናት። ከእርሷ የተገኘውን ውጤት በብዙ ቶን ለሚመዘን አግዳሚ እንዳለ ማዋል፣ አንዱን ቀለበት ፈትኖ ለሰንሰለቱ ሁሉ ዋስ እንደመሆን ያለ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. «ቤረሚን» በሚል የወል ስም የጻፉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ በስንጥቅ ጫፍ ላይ ካለው ኃይል ጋር አዋሐዱት። ከዚያም ፊንላንዳዊው ኪም ቫሊን ባካሄደው ጥናት መሠረት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ አንድ የፍተሻ ደረጃ ሐሳቡን ለዕለት ተዕለት ሥራ አበቃው። የዚህን ስሌት ውጤት በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ዓይነት አረብ ብረት፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ናሙናዎች፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ተፈትኖ ስንጥቅን የመቋቋም ዓቅሙ በመካከለኛ ግምት 100 ሆነ እንበል፤ መለኪያው ሜጋፓስካል ሲባዛ በሜትር ስኩዌር ሩት ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ከ100 ናሙናዎች 5ቱ ከ62 በታች፣ ሌሎች 5ቱ ደግሞ ከ135 በላይ ይሆናሉ። የታችኛውና የላይኛው ልዩነት ከእጥፍ በላይ ነው! ይህ የፈታሹ ስሕተት አይደለም፤ የመሣሪያውም ጉድለት አይደለም፤ የብረቱ የራሱ ጠባይ ነው።

እንግዲህ የተለመደውን አሠራራችንን በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ከውጭ ከሚገባ ብረት ጋር የሚመጣው የምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያሳየን የሦስት ናሙናዎችን ውጤትና አማካያቸውን ነው። ሦስት ናሙና ስንሰብር፣ ሦስቱም ከደካማዎቹ 5 በመቶ ውጭ የመሆናቸው ዕድል 86 በመቶ ገደማ ነው። ይኸውም ጠላታችን የሚኖርበትን ሰፈር ሳናይ የምንመለስበት ጊዜ ይበዛል ማለት ነው። ከእነዚያ ደካሞች ቢያንስ አንዱን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማየት 59 ናሙና መስበር ያስፈልጋል። ይህን ለእያንዳንዱ ጭነት ማድረግ እንደማይቻል አውቃለሁ። የስታቲስቲክስ ንድፉ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ የሥርጭቱን ቅርጽ አስቀድመን ስለምናውቅ፣ በጥንቃቄ ከተሠሩ ጥቂት ፍተሻዎች ተነሥተን ያላየነውን የታችኛውን ጫፍ ለመገመት ያስችለናል።

ሙቀትን በተመለከተ የዋግ ምድር ራሱ መምህራችን ነው። ከተከዜ ሸለቆ እስከ ሰቆጣ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,000 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ብቻውን የ6 ወይም የ7 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል፤ የቀንና የሌሊቱ ሲጨመርበት ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። በቆላ በቀትር ፀሐይ የተፈተነ የብረት አካል፣ ተነቅሎ በደጋ ቢተከልና ጎህ ሲቀድ ጭነት ቢያልፍበት፣ በሁለቱ ጊዜያት መካከል የ25 ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ፣ መካከለኛ ዓቅሙ 100 የነበረው ብረት በዚህ ልዩነት ወደ 74 ገደማ ይወርዳል። ሾፌሮቻችን ደግሞ ጉዞ የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ ከንጋት በፊት ነው። «ትናንት አልፎበታል» የሚለው ማስረጃ ሙሉ ዋጋ የሚኖረው፣ ትናንት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርድ፣ በዚያው ጭነት አልፎበት እንደሆነ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አበው ያስተላለፉልንን አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ማንሣት እወዳለሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ይህ አባባል ለመሐንዲስም ትልቅ ትምህርት አለው፤ የሰንሰለት ተቃራኒ ነውና። በሰንሰለት አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ይበጠሳል፤ በድር ግን አንዱ ሲበጠስ ሌሎቹ ሸክሙን ይካፈላሉ። በአገራችን በብዙ ወንዝ ላይ የተተከለውን የቤይሊ ድልድይ ውሰዱ። ይህ እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈጠረው ድልድይ፣ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ያህል ርዝመት ካላቸውና በስድስት ሰው ሸክም ከሚነሡ ፓኔሎች በፒን እየተያያዘ ይገጣጠማል። 30 ሜትር ለሚሆን ርዝመት በአንድ ወገን 10 ፓኔል ያስፈልጋል። በሁለቱም ወገን ነጠላ ሰልፍ ብቻ ቢተከል 20ው ፓኔል እንደ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ፓኔል በአገልግሎት ዘመኑ የመሰበር ዕድሉ ከ1,000 አንድ ቢሆን፣ የድልድዩ ዕድል ከ100 ሁለት ይሆናል። በየወገኑ ሁለት ሰልፍ ጎን ለጎን ቢተከል፣ አንዱ ሰልፍ ሲሰበር ሁለተኛው ብቻውን ሸክሙን መቻል ከቻለ፣ የመውደቁ ዕድል ወደ 10,000 ሁለት ይወርዳል። በፓኔል ቁጥር እጥፍ ወጪ መቶ እጥፍ ደኅንነት ተገኘ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው። አንደኛው፣ ቀሪው ሰልፍ በእርግጥ ሸክሙን መቻል አለበት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1967 በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው የሲልቨር ድልድይ ወድቆ 46 ሰዎች ሞተዋል። ድልድዩ የተንጠለጠለበት የብረት ሰንሰለት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ሁለት ዘንግ ብቻ ነበረው። 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ካላት ስንጥቅ ተነሥቶ አንዱ ዘንግ ሲሰበር ሁለተኛው ብቻውን ሊቆም አልቻለም፤ ለ39 ዓመት ያገለገለው ድልድይ ባንዴ ወረደ። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ፣ ድሮቹ ጉድለትን በጋራ የማይወርሱ መሆን አለባቸው። ሁለቱም ሰልፍ ከአንድ መጥፎ ቅልጥ የወጡ፣ በአንድ ባልሠለጠነ እጅ የተበየዱ፣ አንድ ዓይነት ብርድ የሚመታቸው ከሆነ፣ የአንዱ መሰበር የሌላውን መሰበር ያመለክታል እንጂ አያስቀረውም። ያበረ ድር አንበሳ የሚያስረው ድሩ ሁሉ በአንድ ብል ያልተበላ እንደሆነ ነው።

አሁን ከወንዙ ዳር ወደ ቆሙት መኪኖች እንመለስ። ስንጥቅ ባለበት ብረት ላይ፣ ዕድሉ ትንሽ በሆነበት ወሰን ውስጥ፣ የመሰበር ዕድል ከኃይሉ ጋር በአራተኛ ደረጃ ያድጋል። ኃይሉ በ20 በመቶ ሲቀነስ ዕድሉ ከግማሽ በታች፣ ወደ 41 በመቶ ይወርዳል፤ ኃይሉ በግማሽ ሲቀነስ ወደ አሥራ ስድስተኛው ይወርዳል። እንግዲህ የአንዱን መኪና እህል ለሁለት ጉዞ ብንከፍለው፣ ጉዞው እጥፍ ቢሆንም ጠቅላላው አደጋ ከቀድሞው ስምንተኛ አይበልጥም። በዚህ ስሌት ውስጥ ኃይል ያልኩት የድልድዩን የራሱን ክብደትም የሚጨምር ነው፤ ስለዚህ በተግባር የሚገኘው ቅናሽ ከዚህ ማነሱ አይቀርም። ስንጥቁም በየጉዞው ማደግ አለማደጉን በዓይን መከታተል ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ አቅጣጫው ግልጽ ነው። የመሐንዲሱ መልስ «ይከፈት» ወይም «ይዘጋ» መሆኑ ቀርቶ፣ «ጭነቱ ይከፈል፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ በዝግታ፣ ፀሐይ ብረቱን ካሞቀች በኋላ ይለፉ፤ ከየጉዞው በኋላ የስንጥቁ ጫፍ ይታይ፤ ባደገ ጊዜ ይቁም» የሚል ይሆናል። እህሉም ይደርሳል፤ አደጋውም በልክ ይያዛል። ስንጥቁ በሲልቨር ድልድይ እንደነበረው፣ የሚካፈለው ረዳት በሌለው አካል ላይ ከሆነ ግን መልሱ መዝጋት ነው፤ ይህንንም ያለ ማመንታት መናገር የመሐንዲሱ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ዕድል የሚለውን ቃል ስንናገር ኃላፊነትን ከራሳችን ላይ የምናወርድ ይመስላቸዋል። በእኛ ቋንቋ «ዕድሉ ነው» ማለት ነገሩን መዝጊያ ነውና አይፈረድባቸውም። በስታቲስቲክስ ግን ዕድል የነገሩ መክፈቻ ነው፤ ይለካል፣ ይነጻጸራል፣ በጭነትና በብየዳ፣ በሰዓትና በቁጥጥር ይቀነሳል። እንዲያውም ዕድሉን ሳያሰላ በአማካይ ቁጥር ተማምኖ የሚፈርም ሰው ነው ነገሩን ለአጋጣሚ የተወው። «ስሌቱ ቤተ ሙከራ ለተትረፈረፈላቸው አገሮች ነው» የሚለውም ክርክር አያሳምነኝም። ብዙ መፈተሽ የሚችል አገር በፍተሻ ብዛት ይተማመናል፤ ጥቂት መፈተሽ የምንችል እኛ ግን ከጥቂቱ ብዙ ማወቅ አለብንና ስሌቱ የበለጠ የሚያስፈልገን ለእኛ ነው።

ነገሩን በሚዛኑ ለማስቀመጥ ያህል፣ ድልድዮችን በብዛት የሚጥለው ጎርፍና ከዓቅም በላይ ጭነት እንጂ ድንገተኛ ስብራት አለመሆኑን ማስገንዘብ እወዳለሁ። መሠረቱ በጎርፍ የተበላ ድልድይ እያለ ስለ ካርቦን ቅንጣት መጨነቅ ቅደም ተከተልን ማፋለስ ነው። ነገር ግን ጎርፍ ሲመጣ ይታያል፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። ድንገተኛ ስብራት በተሰላ እንጂ በታየ ነገር አይቀድሙትም።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን አባላት አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር የድልድይ አካል ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የት እንደተተከለ፣ ምን እንደተሸከመ፣ የት ላይ እንደተጠገነ የሚያሳይ መዝገብ ይኑረው። ሁለተኛ፣ የብረት ዓቅም ሲመዘገብ አማካዩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ናሙና ውጤትና የተፈተነበት ሙቀት አብሮ ይጻፍ፤ አማካይ ብቻውን ደካማውን ይሸፍናልና። ሦስተኛ፣ ዓይነቱ ባልታወቀ ብረት ላይ በሜዳ የሚደረግ የብየዳ ጥገና ይቁም፤ ለማጠናከር ተብሎ የተበየደ ሳህን የስንጥቅ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ሜልበርን አስተምራናለች። አራተኛ፣ የተሰበረ ብረት ለቁርጥራጭ ሻጭ ከመሰጠቱ በፊት የስብራቱ ፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ልኩና ታሪኩም በማኅበሩ ይከማች። እያንዳንዳችን በዕድሜያችን የምናየው ስብራት ጥቂት ነው፤ ከጥቂት ደግሞ ሥርጭት አይወጣም። የሁላችን ሲሰበሰብ ግን የአገራችንን ብረት፣ በአገራችን ብርድና በአገራችን ጭነት፣ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲሠራ የሚጠቀመው በማዶ ያለው ሰው ነው። የሰሃላ እናት ስለ ቫይቡል ማወቅ አይጠበቅባትም፤ የጫነው መኪና መድረሱን ብቻ ነው የምትጠብቀው። ስለ ብረቱ ማወቅ የእኛ ድርሻ ነው፤ ለዚህም ነው ፊርማችን በሰነዱ ግርጌ የሚያርፈው።